አሥራ አራተኛዋ ገመድ

ትልቅ ነገር በተሠራበት ሁሉ «እኔ ባልኖር ይሄ አይቆምም ነበር» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ቤት ከተሠራ በሩን የገጠመው እሱ ነው፤ መንገድ ከተዘረጋ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ መኪና የደረሰው ደግሞ ድልድይ የሠራ ሰው ነው።

ክቡር ኢንጂነር እንላቸዋለን። ኢንጂነር አይደሉም፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ትልቁን ወንዝ የምንሻገረው በብረት ገመዶች በተወጠረው ድልድይ ነው። መኪናችን ጫፉን ስትረግጥ ኢንጂነሩ «ቀበቶ!» ይላሉ። አንዴ ዳይሬክተሩ «በሦስት ደቂቃ ለምናልፈው?» ቢሏቸው «ለመውደቅ ሦስት ደቂቃ ይበዛል» ብለው ኩም አደረጓቸው። ዳይሬክተሩም አሰሩ።

ከዚያ ቆጠራው ይጀምራል። «ይቺን እኔ ነኝ የወጠርኳት። ይቺንም እኔ ነኝ። ይቺኛዋማ አሳሬን ነው ያበላችኝ!»

ጸሐፊዋ አንድ ቀን «አባባ፣ አምፖል ሊቀይሩ መሰላል ላይ ወጥተው ማን ነበር ያወረደዎት?» ብትላቸው መኪናው በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ቆጠራቸውን ቀጠሉ። አሥራ አራተኛዋ ገመድ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ፤ ከአሥራ አምስተኛዋ ይቀጥላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳያዛንፉ።

አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሁሉም ይሸሸዋል። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ አጥቼ እዚያ ተቀመጥኩና አፌን በላኝ። «አሥራ አራተኛዋን ማን ሰረቀብዎት?» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ገመድ ወጣሪው እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ታናሽ ወንድሜ ነበር። እኔ እታች እቃ ቤት ሆኜ የደህንነት ቀበቶ አድል ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ‹ይቺን እኔ ነኝ የወጠርኳት› እያለ ያደነቁረኝ ነበር። አንድ ጠዋት መጣና ‹ወንድም ጋሼ፣ ቀበቶ ስጠኝ፤ ወረቀቱን ከምሳ በኋላ አስፈርሜ አመጣለሁ› አለኝ። ያለ ፊርማ አልሰጥም አልኩት። ለወንድሙ አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ሳቀብኝና ወጣ።»

ወንዙን አዩት።

«የአሥራ አራተኛዋን ሳያወራልኝ ቀረ።»

ያላሰርኩትን ቀበቶዬን ሳብኩ፤ ለካ መቆለፊያው ተሰብሯል። ኢንጂነሩ ጫፉን ከእጄ ወሰዱ፣ በደረቴ ላይ አሳለፉት፣ ድልድዩን እስክንጨርስ በእጃቸው ጨብጠው ያዙት። ያለ ምንም ፊርማ።

በማግስቱ ሾፌሩ መቆለፊያውን ላሠራው ቢለኝ ተወው አልኩት። ወንበሩ ላይ እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የምቀመጠው።