ታላቅ ያልመረቀው ድልድይ

ቤት ሲቃጠል «ውሃ ለማፍሰስ ማን ይቅደም?» ብሎ የሚሟገት ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ሆሳዕናም አላጣችም፤ ክቡር ቀኛዝማች ኃይለመለኮት ነበሩላት።

በዚያ ሚያዝያ ለከተማው ጉባኤ አንድ ጉዳይ ብቻ ቀረበለት። የዱራሜው መንገድ ድልድይ እንጨቱ በስብሷልና ማሠሪያው ከገበያው ቀረጥ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ጨው ነጋዴዋ ብርነሽ ከዝግባው ሥር፣ ከዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጇ ወይንሸት ከወንዙ ማዶ ተድራ አርግዛለች። የበኩር ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ክረምት ሳይገባ መሻገር አለባት።

አንዱ «ስለ ድልድዩ...» ሲል ሰብሳቢው ቀኛዝማች በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ።

«ሥርዓት ይቅደም! ታላቅ ሳይመርቅ ነገር አይነሣም!»

ታላቁስ ማን ነው? የሐዲያው ሽማግሌ አባ ባፈና ናቸው ወይስ ከሸዋ የመጡት መሪጌታ ገብረ ሥላሴ? ሁለቱም በክፉ ቀን ጊዜ ባለትዳር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም።

«መሪጌታ ይመርቁ፤ እኔ ይቅርብኝ። ደመናውን አታዩም እንዴ?» አሉ ባፈና።

«ታላቅነት በይቅርብኝ አይተውም! ምስክር ይምጣ!» አሉ ቀኛዝማች።

አንዱ ምስክር ከቦኖሻ፣ ሌላው ከአዲሎ መጣ። እነሱም ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ተጣሉ። ጉባኤው ለሚመጣው ገበያ ተቀጠረ፤ ደግሞ ተቀጠረ። ስለ ድልድዩ እንነጋገር ወይስ አንነጋገር ሲባል ሰኔ ገባ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ልጄ ማዶ ናት!» አለች ብርነሽ ምርር ብሏት።

«እሜቴ ብርነሽ፣ ይታገሡ እንጂ! ጉባኤው መቼ ተከፈተና?»

በዚያው ሳምንት ጎርፉ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው።

የወይንሸት ምጥ በጩኸት ከማዶ ሲነገር ብርነሽ በዝናብ ወንዙ ዳር ሮጠች። ቀኛዝማችም ተከትለው መጡ። ፊቷን አዞረችባቸው። እሳቸውም ካባቸውን አውልቀው ደረቡላትና ራሳቸው እየበሰበሱ ቆሙ።

ሲመሽ ከማዶ እልልታ ተሰማ። ብርነሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። ልጇን አታቅፍ፣ ገንፎ አታበላ! ቀኛዝማች ግን ታላቁ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጮኹ።

«ወይንሸት! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ያሳድግልሽ!»

ውሃው ድምፃቸውን ዋጠው። ደግመው ጮኹ።

ብርነሽ ልትረግማቸው ዞር አለች። ሽማግሌው ይንቀጠቀጣሉ፤ እንባቸው ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። አንጀቷ አልቻለም፤ የካባውን እኩሌታ መልሳ አለበሰቻቸው።

«ምነው ቀኛዝማች» አለች፣ «ይችን ምርቃት ሚያዝያ ላይ ባሏት ኖሮ።»