የለቅሶ ድንኳናችን በሙሉ ከኢንተርኔት የተባረረ ቀን

አንድ የለቅሶ ድንኳን፣ ከነሽማግሌው ከነአልቃሹ፣ ትናንት ከኢንተርኔት ተባረረ ብዬ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?

ያስባረርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ!

ቆይ። ከመጨረሻው ደህና ቀን ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ እዚህ ነቀምቴ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ገዢ ሲጠፋ ስልኩን አውጥቶ ይጽፋል። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርምበት የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል? እዚያ ላይ ነው የሚጽፈው። በነፃ!

ያን ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩና «ግን ማን ይከፍልሃል?» አልኩት።

«አንተ ኳስ ስታይ ማን ይከፍልሃል?»

«እኔማ እየተዝናናሁ ነው።»

«እኔስ የማለቅስ መሰለህ?»

ሳቀ። ከስልኩ ቀና ሳይል «ወጡ ቀዝቅዟል» አለኝ። አለቀ። ሌላ ቁምነገር አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወጣ። ሲሬ ሳይደርስ መኪናው ተገለበጠ።

ስለዚህ መጻፍ አልችልም። ወደ ውርደቴ ልመለስ፣ እሱ ይሻላል።

ከቀብሩ በኋላ ስልኩ እኔ ጋ ቀረ። ትናንት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጮኸ። የሐዘን መልእክት መስሎኝ ከፈትኩት።

«የጀመሩት ጽሑፍ በቂ ምንጭ ስለሌለው እንዲጠፋ ሐሳብ ቀርቧል» ይላል።

ጽሑፉ ስለ ምን መሰላችሁ? በደርግ ጊዜ እዚሁ አጠገባችን ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ስለነበረ አንድ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ፊደል የሚቆጥርበት። ሰሌዳው አሮጌ የበር ሳንቃ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሰል የጠቆረ። ደሱ ይህን ሁሉ ጽፏል። አልጨረሰውም እንጂ። የመጨረሻ ሥራው ነው።

ሊያጠፉት!

እኔ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። ምንጭ ምን እንደሆነ ይጠፋኛል? በስሜ አካውንት ከፈትኩና ከጽሑፉ ግርጌ ጨመርኩ፦ «ምንጭ፦ ኦቦ ዋቅጅራ። እዚያው ነው የተማሩት። ቤታቸው ከወፍጮው ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት ይገኛሉ።»

ሻይ ሳልጨርስ ተሰረዘ። «የቃል ምስክር ምንጭ አይሆንም» የሚል ማስታወሻ ተለጠፈልኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይህን ለድንኳኑ መናገሬ ነው።

ኦቦ ዋቅጅራ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እኔ አልሆንም? በመሬት ክርክር ስንቴ መስክሬ ዳኛ ያመነኝ ሰውዬ?»

«ማነው እሱ? የየት አገር ሰው ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ጎረቤታችን።

እኛ ጋ ታውቃላችሁ፤ የአንድ ሰው እውነት ሲካድ ምስክር ይጠራል። አንድ ካልበቃ አሥር ይመጣል። ከድንኳኑ ጎን ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ወዲያው «የኔን ዋይፋይ ክፈትላቸው፣ ዛሬ ማንም አይከለከልም!» አሉ።

ከፈትኩላቸው። ስልክ ላለው በስልኩ፣ ለሌለው በእኔ ስልክ አካውንት አወጣሁ። ጽሑፉ ይጥፋ አይጥፋ የሚባልበት የውይይት ገጽ አለ። እዚያ ላይ ወረዱበት!

«አይጥፋ!» «እኔም ተምሬበታለሁ!» አንዱ «ጀባዹ!» ብሎ ጻፈልኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። አዴ ጫልቱ ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። አሸነፍን አልኩ።

ከዚያ ስልኮቹ ላይ በየተራ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ታግደዋል። ታግደዋል። ታግደዋል!

ምክንያቱም ተጽፏል፦ «ሁሉም ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በአንድ ጊዜ የተከፈቱ፣ የአንድ ሰው የሐሰት ስሞች ናቸው።»

ኦቦ ዋቅጅራ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ዞር ብለው አዩኝ።

«እኔ ያንተ የሐሰት ስም ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም፣ ኦቦ።»

«የለህም ነው እኮ የሚለኝ! ሚስቴ ትሰማ ይሆን?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶ ላይ! እማዬ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እኔን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የወንድሜን ሥራ ላድን ገብቼ አጭበርባሪ ተባልኩ። ድሮ ማጥፊያ ምክንያቱ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት አደረግኩላቸው።

ላገደን አስተዳዳሪ ጻፍኩ። «የሐሰት ስሞች አይደሉም። ለቀስተኞች ናቸው። ጸሐፊው ወንድሜ ነው፣ ሞቷል። ዋይፋዩ የጎረቤት ነው።»

መልሱ ቆየ። ሲመጣ ግን የሰው መልስ ነበር። «በጣም አዝናለሁ። የአንተን እገዳ አነሣለሁ። ነገር ግን እዚህ ጽሑፍ በሰው ብዛት አይተርፍም። የታተመ ምንጭ ፈልግ፣ አንድም ቢሆን። አራተኛውን አንቀጽ ደግሞ እየው፤ ሰው ስለ ራሱ ቤተሰብ እዚህ አይጽፍም።»

አየሁት። ደሱ እንዲህ ብሏል፦ «እዚህ ጣቢያ ፊደል ከቆጠሩት አንዷ እናቴ ናት። ከራሷ ስም በፊት የጻፈችው የወንድሟን ስም ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ተቀምጬ ደንቦቹን አነበብኩ። ገለልተኛ ሁን። ከራስህ አትጨምር። የምትወደውን ሰው አትጻፍ። ይህን የጻፈው ሰው ወንድም የለውም እንዴ? ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ። ካላነበብኩ ይጠፋላ!

ዛሬ ጠዋት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጻፉ መጻሕፍትን ሁሉ ከመደርደሪያ አስወረድኩ። ሠራተኛዋ «ፈተና አለብህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አንዱ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሌሎች ጣቢያዎች መሐል፣ የኛው ጣቢያ ስም ተጽፏል። ግማሽ መስመር። ጮህኩ! ውጣ ልባል ትንሽ ቀረኝ።

ቤት ተመልሼ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ግማሽ መስመር ብዙ አይሸከምም። ሳንቃው ከጽሑፉ ወጣ። የባትሪው ከሰል ወጣ። አራተኛው አንቀጽ ላይ እጄ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ስልኩን ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበችው። ደገመችው።

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም አሉ፣ እማዬ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «እንግዲያው አውጣው። እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ አይደል? የቀረውን አትርፍ።»

አወጣሁት። ምን እንደቀየርክ በአጭሩ ግለጽ የሚል ሳጥን መጣ። እንደ ደንቡ ሞላሁ፦ «ማረጋገጫ የሌለው ዓረፍተ ነገር ተቀንሷል።»

ገጹ ሦስት መስመር ሆኖ ቀርቷል። ግርጌው ላይ ግን የመጽሐፍ ስም አለ፣ ከነገጽ ቁጥሩ። ይምጡና ያጥፉት እስቲ!

አሁን ልጠይቃችሁ፦ እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ «ማረጋገጫ የላትም» ብሎ የሰረዘ ልጅ ከኔ ሌላ ታውቃላችሁ?