አበሻና ያልደረቀ ጠረጴዛ

አበሻ ዓይኑን አያምንም፤ የሚያምነው ጣቱን ነው። ካልመሰላችሁ አጥራችሁን ቀቡና «ቀለሙ እርጥብ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፉበት። ወረቀቱ ባይኖር ዞር ብሎ የማያየው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይነካል፤ ጣቱን አይቶ፣ «እውነትም እርጥብ ነው» ብሎ፣ ግድግዳችሁ ላይ ጠርጎ መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአማቴ ጠረጴዛ ነው። እትዬ በላይነሽ የሰንጋ ተራው ቤታቸው ሲፈርስ ከዕቃቸው ሁሉ የሳሱለት ለዚህ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። አዲሱ ቤታቸው ስለጠበበው «አደራ» ብለው እኛ ዘንድ አስቀመጡት። አደራ! ይህቺን ቃል ከአማቱ አፍ የሰማ ሰው ክብደቷን ያውቃል።

ታዲያ አርፌ አልቀመጥም? ኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ አሮጌ እንጨት ላይ ኢፖክሲ የሚሉትን ፈሳሽ ሙጫ አፍስሶ መስታወት ሲያስመስለው አየሁ። «ለፋሲካ እናትሽ ሲመጡ ፊታቸውን ያዩበታል» አልኳት ባለቤቴን ራሔልን።

«አናጺ ጥራ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲባል አልሰማህም?»

አልሰማሁም። ቅዳሜ ጠዋት የብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ ገጠምኩት። አሮጌው ቫርኒሽ እስኪለቅ ፈገፈግኩ፤ ቪዲዮው ላይ ሁለት ደቂቃ የፈጀው ሥራ ወገቤን ነቀለው። አቧራውን ጠረግኩ፣ ሙጫውን ከማድረቂያ ፈሳሹ ጋር ቀስ ብዬ አማሰልኩ፣ አፈሰስኩ። አረፋውን በራሔል የፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ አጠፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ… የረጋ ውኃ መሰለ። ኮራሁ። የቀረው እስከ ማግስቱ አለመንካት ብቻ ነበር።

ችግሩ ሽታው ነው። ራሔል ራሷን ይዛ «ወይ በሩን ክፈት፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። ከፈትኩ። በእኛ ብሎክ ደግሞ የተከፈተ በር ማለት «ግቡ» ማለት ነው።

መጀመሪያ የገቡት ፊት ለፊታችን ያሉት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሐሰን ናቸው። «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብለው ጠረጴዛውን ሲያዩ ቀጥ አሉ። «ማሻአላህ… ደርቋል?»

«አልደረቀም ጋሼ፣ እንዳይነ…»

ነኩት። «አልደረቀም» አሉኝ፣ የማላውቀውን ዜና እንደሚነግሩኝ ሁሉ።

ጋሽ ሐሰን ለወይዘሮ ጽጌ ነገሩ። ወይዘሮ ጽጌ «እኔ አልነካም» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገቡ፤ አደነቁ፤ መረቁኝ፤ ሊወጡ ሲሉ ጫፉን ብቻ፣ በትንሿ ጣታቸው። ከዚያ የደረጃው ሰው በሙሉ መጣ። እንግዳ ላይ በር ዘግቼ ከጎረቤት ልቆራረጥ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳ ጣት ለአንድ ጠረጴዛ ምኑ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

በማግስቱ ኢፖክሲው ድንጋይ ሆነ፤ ከነአሻራው። እንደገና ልፈገፍገው ስል በሩ ተንኳኳ። እትዬ በላይነሽ ናቸው።

«ጠረጴዛዬን አሳመረው ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ። ራሔል ወደ ኩሽና ተሰወረች፤ የቁርጥ ቀን ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው። እኔ «አደራ በላ» እስክባል መሬት መሬቱን አያለሁ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው እያንዳንዷን ጉድጓድ ዳበሱ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጋሽ ሐሰን።»

«ይቺስ ትንሿ?»

«የወይዘሮ ጽጌ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱን አላወቅኩትም እትዬ። ከታች የመጣ ሰው ነው።»

ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል።

«የማታውቀው ሰው ተጠርቶ፣ እኔ የጠረጴዛው ባለቤት አልጠራም?»

ማንንም አልጠራሁም ብል ማን ያምነኛል? «ይቅርታ እትዬ፤ ፈግፍጌ እንደገና አፈስበታለሁ» አልኩ።

«እኔ ሳልመጣ እንዳታፈስ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የሰንጋ ተራ ጎረቤቶቼንም ይዤ እመጣለሁ። እነሱም የበሉበት ጠረጴዛ ነው።»