«አልችልም» ስንት ጊዜ ይባላል?

እኛ ዘንድ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው «እፈልጋለሁ» አይልም። «አልችልም» ይላል፤ ይለመናል፤ እንደገና «አልችልም» ይላል፤ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ዳላስ ስንመጣ ብዙ ነገር ጥለን ነው፤ ይህችን ግን ከሻንጣው ግርጌ ሸጉጠን አስገብተናታል። እና አንባቢዬ፣ «ሴቶቻችን ለመሪነት ጉጉት የላቸውም» የሚል ሰው ካጋጠመህ ይህን አጫውተው።

የማኅበራችን የሊቀ መንበር ምርጫ ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዳላስ ዳርቻ በሆነችው ፋርመርስ ብራንች በተከራየነው አዳራሽ። መጀመሪያ አሰለፈች የምትባል እህታችን ተጠቆመች። ከሌላው ዳርቻ ከሮውሌት ድረስ እየነዳች አዲስ መጪውን ከአውሮፕላን ማረፊያ የምትቀበል፣ ሥራ የምታስገባ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትገኝ እሷ ናት። እንደ ወጉ አቀርቅራ፣ «ኧረ እኔ አልችልም» አለች።

«ኦኬ፣ ልክ ነሽ እህቴ፣ ልጆችም አሉብሽ» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ተፈራ። «ሶ፣ ሌላ እጩ?»

አፏ ለሁለተኛው «አልችልም» እንደተከፈተ ቀረ። አየኋት። «ለምኗት እንጂ!» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ዲኑ ለረዳት መምህርነት ጠርተውኝ፣ በትሕትና «ኧረ እኔ አልበቃም» ብላቸው ቦታውን እዚያው ለጓደኛዬ የሰጡብኝ ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ወንበሩን ፈለግሁት። ዝም አልኩ።

ቀጥሎ እኔ ተጠቆምኩ። ሦስት ጊዜ አልችልም አልኩ፤ ሦስት ጊዜ ተለመንኩ።

አሰለፈች ፓርኪንጉ ላይ ጠበቀችኝ። «ስንት ጊዜ አልችልም አልክ?»

«ሦስት።»

«እኔን በአንዱ አመኑኝ» ብላ ሳቀችና መኪናዋን አስነሳች።

ሁለት ዓመት መራሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዬ ስወጣ ማኅበሩ ቢሮ ገብቼ ከስልኩ ጋር እንፋጠጣለን። ችግር የገጠመው የሚደውለው ለእሷ ነው። ለእኔ የሚደውል ካለ ስልኳን ሊጠይቀኝ ነው።

በሚቀጥለው ምርጫ ደግመው ጠቆሟት። ብድግ አለችና፣ «እችላለሁ» አለች። አንዴ ብቻ።

«አቤት የሥልጣን ጥም!» አለ ከኋላዬ አንዱ። እጅ ያወጣንላት ሰባት ብቻ ነን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አልችልም» አልኩ፤ ከልቤ። ለመኑኝ። «ኧረ በእውነት አልችልም!» አጨበጨቡ። በሦስተኛው እኔው ተነሥቼ ለመንኳቸው።

«እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ ስሜንም መዝገቡ ላይ ጻፉት።