የአማቴ አፍንጫና የክንዴ ፕላስተር

የአማት አፍንጫ ፈርተህ ታውቃለህ? እኔ ፈርቻለሁ። ዳይሬክተር አልፈራም፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አልፈራም፤ የእማማ ብርቄን አፍንጫ ግን እፈራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ለመምህርነት ወልቂጤ ተመድቤ፣ እዚያው የእምድብር ልጅ አገባሁ። አስናቀች ትባላለች። ስታገባኝ ከነሲጋራዬ ነው ያገባችኝ። ደግሞ እንዳትታዘበኝ፣ ክፍል ውስጥ አላጨስም። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ከተማሪው ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ እንደ አገሩ ልማድ ለመውለድ እናቷ ቤት ሄደች። ሴት ልጅ ወለደች። ደስታዬን ሳልጨርስ በሚኒባስ ረዳት በኩል መልእክት መጣብኝ፤ ያኔ ሞባይል እምድብር አልደረሰም። እማማ ብርቄ፣ ሕፃኗ ደረቷ ስስ ነው፣ ያስላታል፣ ጭስ ያለበት ቤት ልጄንም የልጅ ልጄንም አልሰድም ብለዋል። እስከ ክርስትናዋ ከበር ሆኖ ይያት፤ የዚያን ቀን ራሴ አሸተዋለሁ፤ ከሸተተኝ እንደመጣ ብቻውን ይመለሳል ብለዋል። ረዳቱ ይህን ሁሉ የነገረኝ መናኸሪያ መሃል፣ ተሳፋሪ እየሰማ ነው።

ዝንጅብል አኝኬ ላታልላቸው? የማይሆን ነገር። እኔን ሲያናግሩ ሁልጊዜ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ነው። ሽታዬ ገና ከአጥር እንደሚደርሳቸው አልጠራጠርም ነበር።

ማታ ባዶ ቤት ስገባ ለልጄ የገዛሁት የሕፃን አልጋ ይጠብቀኛል። ሳየው ሆዴ ይባባል። ሆዴ ሲባባ አጨሳለሁ። ሳጨስ ደግሞ አልጋው ባዶውን እንደሚቀር ትዝ ይለኛል። የሱስ ነገር ይኸው ነው፣ ያስለቅስሃል፣ ደግሞ እንባህን ልጥረግልህ ይልሃል።

የአስናቀች ወንድም መርካቶ ነጋዴ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ የሌለውን ዕቃ የለም አይልህም፣ ነገ ተመለስ ነው የሚልህ። ጭንቀቴን ሰምቶ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ፓኬት ላከልኝ። ስከፍተው ፕላስተር ነው። ቁስል የለብኝ፣ ምን ላድርገው? ወደ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው አንብቦ አስረዳኝ። ውስጡ ኒኮቲን አለ፤ በቆዳህ ቀስ እያለ ይገባና አምሮቱን ያስታግሳል፣ ጭሱ ግን የለም። ጠዋት ጠዋት አዲስ ትለጥፋለህ፣ ቦታ ትቀያይራለህ፣ ለጥፈህ ግን አታጨስም፣ እያደር መጠኑን ትቀንሳለህ አለኝ። እሾህን በእሾህ መሆኑ ነው።

ክንዴ ላይ ለጠፍኩና በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ወጣሁ። ጉድ የፈላው ከዚህ በኋላ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ያን የሚያህል ፕላስተር ክንድህ ላይ ለጥፈህ በአደባባይ መሄድ፣ ታምሜያለሁ ብለህ ጡሩንባ ማስነፋት ነው። መምህሩ ታሟል፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ ውኃ የሚያቀብለው እንኳ የለም ተባለ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሞላ። ቆጮና አይብ የያዘችው መጣች፣ ሾርባ በፔርሙስ ያንጠለጠለችው መጣች። ጎረቤቴ ሐጂ ሸረፋ፣ የቡታጅራው የበርበሬ ነጋዴ፣ ማር ይዘው "አሰላሙ አለይኩም መምህር፣ አላህ ያሽርህ" ብለው ገቡና ተደላድለው ተቀመጡ።

እስቲ ፍረደኝ፣ በሽተኛ ጠያቂ ፊት ሲጋራ ይለኩሳል? አንዱ ወጣልኝ ስል ሌላው ይገባል። ቢጨንቀኝ እውነቱን አፈረጥኩት፤ አልታመምኩም፣ ሲጋራ ላቆም ነው አልኩ። ይበተኑልኛል ብዬ ነበር። ሐጂ ግን "ታዲያ ከሱስ የባሰ ምን በሽታ አለ?" አሉና ማግስቱንም መጡ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ ዘበኛዬ ሆነ። አንድ ቀን አምሮቱ ቢበረታብኝ ነጠላ ሲጋራ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ሲጋራውን ትታ ክንዴን አየች። ፕላስተሩን ለጥፈህማ አልሸጥልህም ብላ ማስቲካ ሰጠችኝ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ ወሬው ቀድሞኛል። በዚያ ላይ ፕላስተሩ ሕልም ያበዛል። የእማማ ብርቄ አፍንጫ የደብር ደወል አክሎ በላዬ ሲደወል አድሮ ያውቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አምሮቱ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት ሳስተምር ተማሪዎቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። ምን ሆናችሁ ብል፣ መምህር፣ የእረፍት ደወል ተደውሎ እኮ ቆየ አሉኝ። ደወሉን አልሰማሁትም! የዚያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ዲፕሎማዬን ስቀበል አልተሰማኝም።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። እምድብር ስደርስ እማማ ብርቄ መሐረባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ዘመድ አዝማዱ ከበበን። ማጅራቴን ያዙና አፍንጫቸውን የኮቴ አንገትጌ ውስጥ ከተቱት። ቆዩ። አንገቴን ሰጠኋቸው። ቀና አሉና፣ "ልጅቷን ስጡት" አሉ። እልልታው ቀለጠ። ልጄን ታቀፍኳት፣ አስናቀች ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። ድል ማለት ለእኔ ያ ነው።

ክትፎው ከተበላ በኋላ እማማ ጓሮ ጠሩኝ። እንሰቱ ሥር ቆመው ግራ ቀኝ አዩና ከመሐረባቸው ውስጥ ትንሽ ቆርቆሮ አወጡ። ሱረት ነው፣ በአፍንጫ የሚሳበው የትምባሆ ዱቄት። "ልጄ፣ ያ ፕላስተርህ ለዚህም ይሆናል?" አሉኝ።

ክው አልኩ። "እማማ፣ ታዲያ እኔን በምን አሸተቱኝ?"

"በየቱ አፍንጫዬ? ይሄ ነገር ከገደለው ስንት ዘመኑ። ቅቤ ቢያርር አይሸተኝም። ያጨሰ ሰው ሲያሸቱት አንገቱን ይሸሽጋል። አንተ ዝም ብለህ ሰጠኸኝ።"

የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ አማክሬ የተረፈኝን ፕላስተር ላክሁላቸው። በተራቸው እምድብር በሙሉ ሲጠይቃቸው ከረመ። እሳቸውም ሱረቱን እርግፍ አድርገው ተዉ። ኋላ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ወልቂጤ መጡ። መሐረብ የለ፣ ምን የለ። ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው ቁጭ እንዳልኩ አየሩን በረጅሙ ሳቡና ፊታቸውን ወደ እግሬ አዞሩ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ፕላስተሩ ደግ ነገር ነው፣ ለጥፍ። ለአማትህ ከመላክህ በፊት ግን ካልሲህን እጠብ።