ክብርት ወይዘሮ መጣሁ

በየግቢው እግዚአብሔርን «አንዴ ቆየኝ፣ መጣሁ» ብላ የምትሄድ አንዲት እናት አትጠፋም። እኛ ግቢ የለችም የምትሉ ካላችሁ፣ ግድግዳችሁ ወፍራም ሆኖ ነው እንጂ አለች። የእኔ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤቴ ስታስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርሽ» ብዬ «ያኑርዎት» ተብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ የዚችን ሴት ጸሎት ከፈጣሪ ቀጥሎ አብዝቶ የሰማ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

በግቢያችን ክብርት ወይዘሮ መጣሁ እንላታለን። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው፤ የምትሰፋውም እዚያው ቤቷ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ የሳምንቱን ግማሽ ቤት የለም። ሰባት ዓመት የሆናቸው መንታ ወንዶችና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሏት፤ ሦስቱ ሆነው የአንድ ትምህርት ቤት ያህል ይጮኻሉ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

የጠዋት ጸሎቷ እንዲህ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህች ማለዳ አመሰግንሃለሁ… ማንኪያውን ከወንድምህ ጆሮ አውጣ… ስለ ምሕረትህ ብዛት… ማነው ካልሲውን ሻይ ውስጥ የነከረው?… በደላችንን ይቅር በለን… አንተን አይደለም፣ አንተማ ትቀጣለህ… አንዴ ቆየኝ ጌታዬ፣ መጣሁ።» ከዚያ ጸሎቱ ይቋረጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጸጉር ስታበጥር ወይ ጫማ ስታስር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔ ደግሞ ተማሪ ሐሳቡን ሳይጨርስ እንዳይቀመጥ ሳደርግ ዕድሜዬን የፈጀሁ ነኝ። ስንት ጠዋት ግድግዳውን ደብድቤ «እስቲ ጨርሺው» ልላት ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ አሜን ደርሳ ነበር። ያን ዕለት የአንድ ሙሽራ ሸሚዝ በካውያ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ አሜንን ትፈራዋለች።

መጽሐፍ ቅዱሷ የሚቀመጠው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ነው፤ ገጹን የምታውቀው ቁራጭ ሜትር ጣል አድርጋበት ነው። ክር እስክትቀይር አንድ ቁጥር፣ ደንበኛ ልብሱን ለብሶ እስኪወጣ ሁለት ቁጥር ታነባለች። አንድ ጊዜ ቁልፍ ላስተክል ሄጄ ብመለከት ሕዝቡ ከባርነት ወጥቶ በረሃ ገብቷል። ከአምስት ወር በኋላ ሱሪ ላሳጥር ብሄድ አሁንም በረሃ ላይ ናቸው። በዚህ አያያዟ አርባውን ዓመት እሷም እነሱም እኩል ነው የሚጨርሱት።

መዝሙሯ ደግሞ በመኪናዋ ፔዳል ልክ ነው የሚሄደው። ዚፕ ስትተክል ዝግ ይላል፤ የመጋረጃ ጠርዝ ስትሰፋ ይጋልባል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ይበዛባትና የንስሐ መዝሙሩ ሁሉ የሠርግ ዘፈን ይሆናል። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስትለካ ደግሞ ጸሎቱ በአፍንጫ ነው። አንዲት ደንበኛ ወገቧ ሲለካ ማጉተምተሟን ሰምታ «ወፍረሻል ነው የምትይኝ?» ብላ ተቀይማታለች። እሷ እኮ ለሴትየዋ ጤና እየለመነችላት ነበር። ለምትሰፋለት ሰው ሁሉ ትጸልያለች። የእኔ ሱሪ ባጠረ ቁጥር ለጉልበቴ ተጸልዮለታል፤ ጉልበቴ እስካሁን መልሱን እየጠበቀ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ቦታዋ በሩ ሥር ነው። የስብከቱን መግቢያና መደምደሚያ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። መካከሉን ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ «ጨረስክ ወይ?» እያለች ታሳልፈዋለች።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ወር ነው። በእናቶች የጸሎት ስብሰባ ላይ አንዲት የተከበሩ እህት አስተማሩ። ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው፣ ቤታቸው ጸጥ ያለላቸው ሴት ናቸው። እናት በሯን ዘግታ በቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ለፈጣሪዋ ካልሰጠች፣ የምትሰጠው ትራፊ ነው አሉ። ጎረቤቴ ይህን ሰምታ የመጣች ዕለት ሱሪዬን ልታደርስልኝ ገባች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለካ ስንት ዓመት ትራፊ ስሰጠው ነው የኖርኩት» አለች። «እሱስ ይታገሠኛል። ልጆቼ ግን ከኔ ምን ይማራሉ? አንድ ቀን እንኳ ተንበርክኬ አሜን ስል አይተውኝ አያውቁም። እምነት የሌላቸው ልጆች አሳድጌ እንዳልቀር ነው የምፈራው።»

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት። አመል ሆኖብኝ፣ የተጀመረ ነገር ሲያልቅ ደስ ይላል አልኳት። ያም አልበቃኝ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ለአንድ ሰዓት እኔ እይዝልሻለሁ፣ ቁርሳቸውንም እኔ ቤት ይብሉ አልኩ። ብቻዬን ስለምኖር ቦታ ሞልቷል። ስድሳ ተማሪ ያስቀመጥኩ ሰው ሦስት ልጅ እንዴት ያቅተኛል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ተንበርክካ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ የአልጋ ልብሱ ጥልፍ ጉንጯ ላይ ታትሞ ወጣች። በሁለተኛው ቀን የልጆቹ ድምፅ ሲጠፋባት፣ ምን ሆኑብኝ ብላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እየሮጠች መጣች። ዝም ያሉት የግድግዳ ሰዓቴን አውርደው እየፈቱ ስለነበር ነው። በሦስተኛው ቀን ተሳካ። በሯ ተዘጋ፣ ከማዶ ኮሽታ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ግን ጸጥታው አላማረኝም። ቤቴ የሰው ቤት መሰለኝ።

ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩላቸው። ማንም አልነካውም። ምነው ብላቸው ትንሿ «አልተጸለየማ» አለችኝ። እንግዲያው አንቺ ጸልዪ አልኳት። ዐይኗን ጨፈነች፤ ወንድሞቿም ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ ስለ ዳቦው እናመሰግንሃለን… እግርህን ከወንበሩ ላይ አውርድ… አባዬን በመንገድ ጠብቀው… አፍንጫህን በእጅጌህ አትጥረግ… የአባባን ጉልበት ማርለት… አንዴ ቆየኝ ጌታዬ፣ መጣሁ።»

ከመንታዎቹ አንዱ ዐይኑን እንደጨፈነ እግሩን አወረደ። እሷ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወርዳ ጓዳ ገባች፣ ኩባያዋን ይዛ ተመለሰች፣ ወንበሯ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና እንደገና ዐይኗን ጨፈነች። «…እማዬም አትዘን። አሜን።» ወንድሞቿ ይህን ሁሉ ጊዜ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ጠብቀዋታል። በሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ የጠበቀኝ ተማሪ አልነበረኝም።

ሣቄን እየዋጥኩ ቀና ስል እናትየው በሩ ላይ ቆማለች። ሰዓቷ ገና አልሞላም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ግን ሰምታለች። መጀመሪያ አፈረች።

«አዩልኝ ጋሼ፣ ከነቁጣዬ እኮ ነው የተማሩት።»

«ተምረዋል» አልኳት። እሷም ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት፤ በመዳፏ ጠርጋ ሳቀች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኔ ጥሩ ነበር። ትንሿ ግን ወደኔ ዞረች። «አባባ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው።»

የሚዘጋ በር አለኝ፣ ጸጥታ አለኝ፣ አንድ ሰዓት ቀርቶ ቀኑ ሙሉ የኔ ነው። ጸሎት ግን የለኝም። ማንም አላስከፋኝም፣ መከራም አልደረሰብኝም፤ ጡረታ ስወጣ ጊዜ አገኘሁ ብዬ ነገ እጸልያለሁ፣ ነገ እጸልያለሁ ስል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን ግድግዳው ሥር አስጠግቼ የምቀመጠው ስህተቷን ልለቅምባት እንደሆነ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። የዚችን ሴት ቁርጥራጭ ጸሎት ተደግፌ ነው የኖርኩት፤ እሷ ድምፅዋን ያጠፋች ጠዋት ነው የገባኝ።

«እኔኮ የት እንዳቆምኩ አላስታውስም» አልኩ፣ ከልጅቷ ይልቅ ለእናትየው።

ክብርት ወይዘሮ መጣሁ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እሱ ያስታውሳል ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዝም ብለው ይቀጥሉ።»

ዐይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ቃል እንዳልኩ ጥጄ የረሳሁት ወተት ሲገነፍል ሰማሁ። እሷ ብድግ ብላ ሮጠች። እኔ ቀጠልኩ።