ቀይ ሥር፣ ብስክሌትና የእኔ አፍ

ኔዘርላንድ ውስጥ የፈለጉትን የመናገር ነፃነት አለ ይባላል። እውነት ነው። ስለ ንጉሡ መናገር ይቻላል፤ ስለ መንግሥት መናገር ይቻላል። ትራም ላይ ተቀምጦ ስለ ፈጣሪ ሳይቀር ያሻውን ሲዘረግፍ የሰማሁት ሰው አለ፤ ቀና ብሎ ያየው የለም። የማይነኩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሰው ሳይበላው በፊት ፎቶ ያነሳው ምግብ፣ ሁለተኛው ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያየው ስፖርት። እኔ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ነካሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው ዴንሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ነው። ሥራዬ ቲውስዞርግ ነው፤ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ሃያት የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ሃያት አጃ በወተት ዘፍዝፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታሳድርና ጠዋት ከነቅዝቃዜው ትበላዋለች። እኛ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር «ያደረ» ነበር የምንለው፤ ለእንግዳም አይቀርብም። እዚህ ግን የራሱ ብርጭቆ አለው፣ ላዩ ላይ የሚነሰነስ ጥቁር ፍሬ አለው፣ ፎቶ አለው። ከዚያ ደግሞ ማቻ የሚሉት አረንጓዴ መጠጥ አለ። አንድ ጊዜ አቀመሰችኝ። ዝናብ የመታው ሣር አሙቀው ያጠጡኝ ነው የመሰለኝ። «ለጤና ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጤነኛ ነበርኩ፣ እስክጠጣው ድረስ።

አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ማማ፣ አንድ ጨዋታ አለ። ሰው ሁሉ የሚወደውን፣ አንቺ ግን የማትወጂውን ነገር ተናገሪ።»

«ለማን ነው የምናገረው?»

«ለማንም። ዝም ብሎ ጨዋታ ነው።»

እናንተ ብትሆኑ ትጠረጥሩ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ሽንኩርቱ ይዞታል። ደግሞስ በዚያ ቤት ውስጥ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው ከተገኘ ስንት ጊዜው... ቢላዋውን አስቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

መጀመሪያ ሰላምን አነሳሁ። ሰላም ጓደኛዬ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በየገበያው እየዞረች ምግብ የምትሸጥበት መኪና ያላት። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሥጋውን ትታ «ቪጋን ክትፎ» ጀምራለች። ቀይ ሥር ትፈጭና በሚጥሚጣና በዘይት ታሸዋለች።

«እኔ የሰላምን ክትፎ አልወደውም» አልኩ። «ቀይ ሥር ቀይ ሥር ነው። ክትፎ ብለሽ ብትጠሪው ዞር ብሎ አያይሽም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾም ብለው ቀይ ሥር ሲበሉ ማንም ፎቶ አላነሳቸውም። አሁን ቪጋን ተባለና ሰልፍ ተያዘለት። ጣዕሙን ከጠየቅሽኝ ደግሞ አፈር ላይ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ ነው።»

ሃያት ሳቋን በእጇ አፈነች። «ሌላስ?»

ሌላስ ስትለኝ ማቆም ነበረብኝ።

«ሌላው ብስክሌት ነው። መንዳቱ አይደለም፣ በቴሌቪዥን ማየቱ። ጎረቤታችን አቦይ ተስፋይ ሐምሌ ገብቶ የፈረንሳዩ ውድድር በተጀመረ ቁጥር ከቤት አይወጡም። ግማሽ ቀን ሙሉ የሰው መቀመጫ ያያሉ። ጠባብ ሱሪ የለበሰ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ በቃ። እኔ እሱን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በነፃ አየዋለሁ፤ ያውም በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው ነው የሚነዱት። ምን ይደረግ፣ ሥራ የፈታ ሰው ትራፊክ ያያል።»

ይኸው ነው። አንድ ደቂቃም አልሞላም። ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ሰኞ ዕለት ትራም ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሐበሻ ልጅ ትኩር ብላ አየችኝና «አፈር ላይ ሚጥሚጣ» አለችኝ፤ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቤት ገብቼ የሃያትን ስልክ ሳይ ገባኝ፤ ለካ ቀርጻኛለች።

«ሃያት፣ ያን ነገር የት አደረግሽው?»

«ማማ፣ ዱ ኖርማል» አለችኝ፤ በደች አታካብጂ ማለቷ ነው። «ብዙ ሰው አላየውም።»

«ማን ነው ያየው?»

«የዴንሃግ፣ የሮተርዳምና የአምስተርዳም ሐበሻ ብቻ።»

«ከዚያ ውጪ ሐበሻ የት አለ?»

ትንሽ አሰበች። «ዞተርሜር። ግን እነሱም አይተውታል።»

አጥፊው አልኳት፤ አጠፋችው። እሷ ብታጠፋውም ሌላው ሰው ሁሉ በየስልኩ አስቀምጦታል።

ረቡዕ ወደ ገበያው ሄድኩ፣ ሰላምን ይቅርታ ልጠይቅ። መኪናዋ ፊት ለፊት ረጅም ሰልፍ አለ። አንገቴን ደፍቼ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ሆና አየችኝ።

«አንቺ ዘሃራ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ወደ ፊት።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ ፊት ስሄድ የምግቦቹ ዝርዝር የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። ቪጋን ክትፎ የሚለው ተፍቆ በደች «ዘሃራ ያልወደደችው» ተብሎ ተጽፏል።

«ሰላም፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ክፉ አስቤ አይደለም።»

«የምን ይቅርታ ነው?» አለችኝ ሳህን እየሞላች። «ድሮ ግማሹን ቤት ይዤው እመለስ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ቀትር ሳይሆን ያልቃል። አፈሩን ቅመሱ እየተባባሉ ነው የሚመጡት። እባክሽ የሽሮ በርገሬም አልሸጥ ብሎኛል፣ ስለ እሱም አንድ ነገር በይልኝ። በደንብ ስደቢው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሆኜ ተመለስኩ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ደስ እያለኝ ደረጃውን ወጣሁና አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን የአቦይ ተስፋይን በር አንኳኳሁ።

አቦይ ተስፋይ ከእኛ በታች ያለው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ብዙ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከሥራ ስመለስ ጎራ እልና የደም ግፊታቸውን እለካለሁ፤ ለሥራ ሳይሆን ለጉርብትና። እሳቸውም «ዘሃራዬ፣ በላሽ ዛሬ?» ሳይሉኝ እጃቸውን አይሰጡኝም።

በሩን ከፈቱ።

«ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ ዘሃራ። ምን ልርዳዎት?»

በአማርኛ ሳይሳደቡ ሰውን ከደጅ መመለስ ይቻላል። አንቺ ሲሉሽ የኖሩ ሽማግሌ አንድ ቀን እርስዎ ካሉሽ፣ ነገሩ አልቋል።

«አቦይ፣ ግፊትዎን ልለካ ብዬ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ የፈታ ሰው ግፊት የለውም።»

በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢያላጉት ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስም አንኳኳሁ፤ «ደህና ነኝ፣ አይድከሙ» አሉኝ ከውስጥ። መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን በምን አውቃለሁ? ጨው እንደሚወዱ ግን አውቃለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ የሌላ ሽማግሌ ክንድ ላይ መለኪያውን ስጠመጥም የማስበው የእሳቸውን ክንድ ነበር። ግማሽ ኔዘርላንድን እየዞርኩ እለካለሁ፣ አንድ ፎቅ ወርጄ መለካት አቃተኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሃያት ራሷ ወረደች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋት።

«አንተ ተቆጥተሃል እንዴ?» አለቻቸው በሩን ሲከፍቱ። አንተ! የሰባ ዓመት ሽማግሌን። ግድግዳው ውስጥ ብገባ ደስታዬ ነበር። እሳቸው ግን «ነይ ግቢ፣ ልጄ» አሏት። ቪዲዮውን የለጠፈችው ገብታ ብስኩት ትበላለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችው ደረጃ ላይ ቆማለች። ፍትሕ ማለት ይሄ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች።

«ማማ፣ ሳይክል ይነዳ ነበር እኮ። አስመራ እያለ፣ ለቡድን። ፎቶውን አሳየኝ።»

«አሸንፈው ያውቃሉ?»

«አያውቅም። ውሃ ነበር የሚያመላልሰው። ለሌሎቹ።» ጫማዋን እያወለቀች ጨመረችበት፦ «ነገ ውድድሩ ተራራ አለው አለኝ። ሰው ቢመጣ አልጠላም ብሏል።»

«ሰው ሲሉ እኔን ነው?»

«ስም አልጠራም።»

በማግሥቱ የምስር ሳምቡሳ ጠብሼ ወረድኩ። ምስሩ ምስር ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠሁትም። አቦይ ከፈቱልኝና በእጃቸው ወንበር አመለከቱኝ። «እዚያ ይቀመጡ።» አሁንም እርስዎ ነን።

ከቀትር ጀምሮ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ሰዓት ያልኩት ነበር፤ ካሜራው ከኋላ፣ መቀመጫ ብቻ። አፌን በሳምቡሳ ሞላሁት። ሁለተኛው ሰዓት ላይ አንድ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ ቀጭን ልጅ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከመኪና የውሃ ኮዳዎች ተቀበለና ማሊያው ውስጥ ከትቶ እንደ እርጉዝ አብጦ እንደገና ወደ ፊት ሲነዳ አየሁ።

«ይሄ ልጅ ምን እያደረገ ነው?»

«ለጓደኞቹ ውሃ ይወስዳል። ከዚያ ከፊታቸው ሆኖ ንፋሱን ይይዝላቸዋል።»

«ታዲያ እሱ መቼ ነው የሚያሸንፈው?»

«አያሸንፍም።»

«መቼም?»

«ሥራው እሱ አይደለም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላየሁም። ተራራው መጣ። ያ ቀጭን ልጅ ከፊት ሆኖ ይጎትታል፤ የቡድኑ አለቃ፣ ማሸነፍ ያለበት ሰው፣ ከኋላው ተለጥፎ ይከተላል። ልጁ ፊቱ ነጣ፣ አፉ ተከፈተ፣ ትከሻው ይወዛወዝ ጀመር። እኔ በሥራዬ እንደዚያ ያለ ፊት አውቃለሁ፤ ወዲያው ይቀመጥ ብዬ የማዝዝበት ፊት ነው። ጫፉ ላይ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ልጁ ወደ ጠርዝ ወጣ፣ ሊቆም ምንም አልቀረው። አለቃው ዘወር ብሎ እንኳን ሳያየው አለፈ። ካሜራውም አብሮት ሄደ።

ተነሳሁ።

«የት ሄደ? ልጁን ለምን ተዉት? ይሄን ሁሉ መንገድ ጎትቶ አምጥቶ? ውሃ የሰጠው ሰው አለ? አቦይ፣ አንድ ሰው ሊያየው አይገባም?» እጄን እያወናጨፍኩ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገትሬያለሁ። ከኋላዬ ጋዜጠኛው እየጮኸ ነው።

«ዘሃራ፣ ዞር በይልኝ እንጂ!»

ዞር አልኩ። ውድድሩ አልቋል። ማን እንዳሸነፈ ሁለታችንም አላየንም። አምስት ሰዓት ተኩል ጠብቀን መጨረሻውን የበላሁት እኔ ነኝ። ግን ሰምታችኋል አይደል? ዞር በይ ነው ያሉኝ። ዞር ይበሉ አላሉኝም። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

የድሉን ሥነ ሥርዓት አላየነውም፤ ቀጭኑን ልጅ ነበር የምንጠብቀው። ብዙ ቆይቶ ከኋለኞቹ ጋር ገባ። ለአንድ አፍታ ታየና አለፈ።

«አቦይ፣ ያን ቀን የተናገርኩት...»

«ስለ ብስክሌቱ ያልሽው ልክ ነው» አሉኝ። «መቀመጫ ነው። እኔም ስነዳ ያየሁት እሱን ነው። ሥራ የፈታ ያልሽው ነው ያመመኝ። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ።»

«አውቃለሁ። አፌ ነው ያጠፋው።»

«አፍሽ ብቻውን አይሄድም፣ ዘሃራዬ።» ሳምቡሳ አነሱ። «እናቴ ከውድድር ስንመለስ ማን አሸነፈ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ማን ነው የራበው ነበር የምትለው። በይ አሁን ለኪኝ።»

ለካሁ። ከፍ ብሏል። ጨው መቀነስ እንዳለባቸው ልነግራቸው አፌን ስከፍት «የተራራው ነው» ብለው ዘጉኝ።

እጅጌያቸውን እየዘረጉ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ወደድሽው?» አሉኝ።

«አልወደድኩትም።»

«ጥሩ። ነገ ደግሞ ሜዳ ነው። መጨረሻው እስኪደርስ ድረስ ምንም ነገር አይሆንም።»

በማግሥቱ ሥራ ነበረኝ። ቤቴ ገብቼ ለአለቃዬ ደወልኩና ፈረቃዬን ከሌላ ሰው ጋር እንድትቀይርልኝ ለመንኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» አልኳት።

ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ከባድ ነው?»

«አይ» አልኳት፣ «ሜዳ ነው።»